ዘጠና አንድ ላይ የፈላው ውኃ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ጥሪ መጣልኝ። ነባር መምህራን ለአዲሶቹ ልምዳቸውን ያካፍሉ ተብሎ ነው። አዳራሹ ውስጥ አንድ ትሑት ወጣት ሱፐርቫይዘር ተማሪዎች ነገሩን ገብቷቸው እንዲማሩና ራሳቸው እንዲያመዛዝኑ ስለሚያደርጉ ዘዴዎች ሰሌዳው ላይ ረጅም ዝርዝር ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ፣ በእርስዎ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም አይደል፣ ብሎ ጠየቀኝ። በቅንነት ነው። ጉልበቴን ያመኝ ስለነበር፣ ነበር፣ ብዬ ብቻ ተቀመጥሁ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን መልሴ አነሰብኝ። ሌላው ሰው የሥራ ዘመኑን ሲያስብ የተሸለመውን ያስታውሳል። እኔ አስቀድሞ የሚመጣብኝ ድካሙ ነው፤ ከድካሙ ቀጥሎ ደግሞ አንዲት ተማሪዬ። ስለ እሷ ሳልናገር ሌላውን ብናገር ውሸት ይሆንብኛል።

ከማሠልጠኛ ተቋም ተመርቄ አጅባር ስመደብ ንጉሡ ከወረዱ ብዙም አልቆየም። የቄስ ሴት ልጅ ነኝ፤ ከቤታችን ድምፅ ጠፍቶ አያውቅም፣ ዳዊት ይደገማል፣ ዜማ ይወርዳል። ስለዚህ ክፍል ገብቼ ሰባ ልጆች በአንድ ድምፅ ሲያነበንቡ ስሰማ እንግዳ አልሆነብኝም። በሕጉ እኔ ማስተማር የሚገባኝ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነበር፤ መምህር ስለጠፋ ግን ሰባተኛና ስምንተኛ ሳይንስ ተሰጠኝ። ከሰባተኛ ጀምሮ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ስለ እፍጋት «ዴንሲቲ ኢዝ ማስ ፐር ዩኒት ቮሊዩም» እላለሁ፣ ሰባው ልጅ ይቀበለኛል። አንድ ቀን እንዲሁ መጣብኝና ከፊት የተቀመጠውን ልጅ ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅሁት። ብድግ ብሎ፣ «ገጽ ሃያ ላይ ነው፣ ቲቸር» አለኝ። ክፍሉ አልሳቀም። ልክ መልስ መስሏቸው ነበር። እኔም ብሆን ከገጽ ሃያ ሌላ የምጨምርበት እንዳልነበረኝ ያን ዕለት ማታ ገባኝ።

ከአጅባር ወደ ደጎሎ ተዛወርሁ፣ ከደጎሎ ወደ መካነ ሰላም። ስለ ደመወዝና ስለ ዝውውር ደብዳቤ አስተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቃል፤ አልፈዋለሁ። መካነ ሰላም የደረስሁት እህል በጫነ መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ሲበርደኝ ውዬ፣ ልብሴ ሁሉ አቧራ ለብሶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስወርድ የተቀበሉኝ ጋሽ ይመር ናቸው።

ጋሽ ይመር የሒሳብና የሳይንስ መምህር ነበሩ፤ ያኔ ወደ ሃምሳ ዓመት ይጠጋቸዋል። አባታቸው ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ንባቡን የሚያስተምሩ፣ ሰው ስለነበሩ እሳቸውም በልጅነታቸው ብዙውን በቃላቸው ይዘዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ክፍላቸው እየገባሁ ከኋላ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጥያቄ ይጠይቃሉ። ጠጠር ውኃ ውስጥ ይሰጥማል፣ ትልቅ ግንድ ግን ይንሳፈፋል፤ ግንዱ ከጠጠሩ ይከብድ የለም ወይ፣ ይላሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩና ኪሳቸው ውስጥ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዝም ይላሉ። ሃያ ፍሬ እስኪያልፍ ማንም እንዲመልስ አይፈቅዱም። መጀመሪያ እጅ ያወጣው ፈጣን ልጅ እጁ ዝሎ ያወርዳል፤ ቀስ ብሎ የሚያስበው ደግሞ ያን ጊዜ ያነሣል። ሲመልሱላቸው ልክ ነው አይሉም፣ ስሕተት ነውም አይሉም። «ለምን እንደዚያ መሰለህ?» ይላሉ። ልጁ እስከ መጨረሻው ይናገራል። የተሳሳተ ከሆነ የተሳሳተበትን መንገድ በአንድ ደብተር ይጽፉታል። ምን ያደርግልዎታል ብዬ ጠየቅኋቸው። የከርሞ ልጆችም እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚሳሳቱት፣ ቀድሜ ሄጄ እጠብቃቸዋለሁ፣ አሉኝ።

እኔ በዚህ ሰከርሁ፤ ሌላ ቃል የለኝም። በዓመቱ ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ለእኔ ሲሰጠኝ እንደ ጋሽ ይመር ካልሆንሁ ብዬ ተነሣሁ። ጠየቅሁ፣ ዝም አልሁ፣ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ልጆቹ ግራ ተጋቡ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ።

ከነዚያ ልጆች አንዷ ከድጃ ያሲን ናት። አባቷ አቶ ያሲን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቆላ ማሽላ የሚያርሱ ሰው ናቸው። ልጅቱ ከተማ ውስጥ ከሁለት ሴት ተማሪዎች ጋር ጎጆ ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ ወርዳ ስንቋን ይዛ እሑድ ትመለሳለች። ብዙ አትናገርም። ስትናገር ግን ስታስበው የቆየችውን ነው።

ስለ ሙቀት በምንማርበት ሰሞን፣ ውኃ መቶ ዲግሪ ላይ ይፈላል የሚለውን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ጥያቄ ያለው ብል ከድጃ ተነሣች። ከቤት የምታመጣው አደንጓሬ እናቷ ዘንድ ቶሎ ይበስላል፣ እዚህ ደጋ ላይ ግን ግማሽ ቀን እያነደደች አይበስልላትም።

«እንጨቱ ያው ነው፣ ድስቱም ያው ነው» አለች። «ውኃውም ይንተከተካል። ከፈላ ለምን አያበስልም?»

መልሱን አላውቀውም ነበር። እንደ አጅባሩ ጊዜ ቢሆን ገጹን እጠቅስላት ነበር። አሁን ግን እንየው አልሁ። ትምህርት ቤቱ አንዲት የላብራቶሪ ቴርሞሜትር ነበረችው፣ በጨርቅ ተጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ የምትቀመጥ። በማግሥቱ ግቢው ውስጥ ሦስት ድንጋይ ጎልተን፣ እሳት አንድደን፣ ውኃ ጣድን። ልጆቹ ከበቡ። ውኃው ተንተከተከ፤ የቴርሞሜትሯ መስመር ዘጠና አንድ ላይ ቆመች። እንጨት ጨመርን። አልተነቃነቀችም። ልጆቹ ተበላሽታለች አሉ። ከድጃ ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየችና፣ ካልተበላሸችስ፣ አለች።

ይህን ለጋሽ ይመር ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ቅዳሜ ከድጃ ወደ ቤቷ ስትወርድ እኔ፣ ጋሽ ይመርና ፈቃደኛ የሆኑ አሥራ አንድ ልጆች አብረናት ወረድን። ቴርሞሜትሯን ጋሽ ይመር በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘዋታል። ቁልቁለቱ ጉልበት ይሰብራል፤ እየወረድን በሄድን ቁጥር ልብስ እየከበደን መጣ። እነ ከድጃ ደጃፍ ውኃ ጣድን። መስመሯ ዘጠና አንድን አልፋ ዘጠና አምስት ላይ ቆመች። ልጆቹ ተጋፍተው አዩ። ከዚያ አንዱ፣ የዚህ ውኃ ከዚያኛው የበለጠ ትኩስ ነዋ፣ አለ። ከድጃ ለእናቷ አደንጓሬው ለምን እዚህ ቆላ ቶሎ እንደሚበስል ስታስረዳ ሰማኋት። እናቷ ሁልጊዜም ቶሎ ነው የሚበስለው አለች እንጂ አልገረማትም። አቶ ያሲን ግን ድስቱ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ረጅም ጊዜ ሲያዩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ አየር ግፊት ሦስት ሳምንት ተነጋገርን። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ለምን እንደሚሳሳ፣ የሳሳ አየር ውኃውን ለምን መቶ ሳይደርስ እንዲፈላ እንደሚለቀው። ልጆቹ በገዛ እግራቸው ወርደው ያዩት ስለሆነ መጽሐፉን እነሱ ለእኔ ያስረዱኝ ጀመር። በአስተማሪነት ዕድሜዬ እንደዚያ ሦስት ሳምንት የተደሰትሁበት ጊዜ የለም።

ርዕሰ መምህሩ በየሳምንቱ ዕቅዳችንን የሚያይ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። ቢሮው ጠርቶ የት እንደደረስሁ ጠየቀኝ። ነገርሁት። ሌላው ክፍል ስምንተኛውን ምዕራፍ ጨርሷል፣ እርስዎ አራተኛው ላይ ነዎት፤ ልጆቹ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናቸው፣ አለኝ። ገብቷቸው ይማሩ ብዬ ነው፣ አልሁት። ፈተናው ይህን አይጠይቅም፣ መጽሐፉን ጨርሺ፣ አለኝ፤ ሲቆጣ አንቺ ይለኝ ነበር። ወጣሁና በልቤ ናቅሁት። ለዕቅድ እንጂ ለልጅ ግድ የሌለው ሰው አድርጌ ነው የቈጠርሁት።

የዚያ ዘመን ነገር ታስቦ፣ ስብሰባው ጊዜ በላብን ማለት እችል ነበር። እውነትም ሰልፍ ነበር፣ ውይይት ነበር፣ ለገበሬ ማኅበር ሥራ ልጆቹን ይዘን የምንወጣበት ቀን ነበር። ግን ሌላውም መምህር ያው ሰልፍ ነበረበት፤ መጽሐፉን ጨርሷል። እኔ ግንቦት ሲገባ አምስት ምዕራፍ ቀርቶኝ ነበር። ኤሌክትሪክን በሁለት ቀን ሮጥሁበት። የሰው አካልን በጭራሽ አልደረስሁበትም።

በፈተናው ቀን ከግቢው ውጭ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ከድጃ ከመጨረሻዎቹ ጋር ወጣች። ፊቷ ገርጥቶ ነበር። ምነው፣ አልኋት። ሳይንሱን አልጨረስሁም፣ ግማሹ ባዶ ነው፣ አለች። ከባዱ የቱ ነበር ብዬ ጠየቅኋት፤ ያልተማርነውን ትለኛለች ብዬ ፈርቼ።

«የውኃውን ጥያቄ ብዙ አሰብሁበት» አለችኝ። «መቶም ነበረበት፣ ዘጠናም ነበረበት። የት እንደፈላ አልተጻፈም።»

ምን መለስሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ከክፍሉ ሁሉ እንደሷ የገባው አልነበረም። ያን ጥያቄ ምንም ያልገባው ልጅ በአንድ አፍታ መቶን ከብቦ አልፏል። ጥያቄ አውጪ ምን እንደሚፈልግ አውቆ፣ መልሶ፣ ወደ ቀጣዩ ማለፍ የሚባል ነገር መኖሩን አልነገርኋትም። ቆም ብላ እንድታስብ ብቻ ነው ያስተማርኋት።

ውጤት ሲመጣ ከኔ ክፍል አብዛኛው በሳይንሱ ምክንያት ወደቀ። ከድጃም ወደቀች።

አባቷ የገቡትን ቃል የሰማሁት ያኔ ነው። ልጅቱን የጠየቀ ቤተሰብ ነበር። አቶ ያሲን፣ ፈተናውን ካለፈች ዘጠነኛ ትገባለች፣ ካላለፈች ለጥር እሰጣለሁ ብለው በሽማግሌ ፊት ተናግረዋል። ይህን ስሰማ ጋሽ ይመርን ይዤ ያንኑ ቁልቁለት ወረድሁ። 

አቶ ያሲን መርሐባ ብለው ተቀበሉን፣ አጎዛ አነጠፉልን። ከድጃ ውኃ ሰጥታን ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ጥፋቱ የኔ ነው አልኋቸው። ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም፣ ከሁሉም ትበልጣለች፣ እኔ ነኝ መጽሐፉን ያልጨረስሁላት፤ አንድ ዓመት ይስጧት፣ ትድገም፣ አልሁ። በዕድሜ ልጃቸው ብሆንም አንቱ ይሉኝ ነበር። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«መምህርት፣ ድስቱን ጥዳችሁ ያሳያችሁን ቀን እኔም ተምሬያለሁ» አሉ። «እንዲህ ያለ ትምህርት ከሆነ ትማር ብዬ ነበር። አሁን ጥፋቱ የኔ ነው ብላችሁ መጣችሁ። እሺ፣ አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ። የጥፋቱ ዕዳ ግን እናንተ ቤት አልገባም፣ እኔ ቤት ነው የገባው። በሽማግሌ ፊት የተናገርሁትን እንዴት ልብላው?»

ጋሽ ይመር በአላህ አሉ፣ በነቢ አሉ፣ ለመኗቸው። አቶ ያሲን አልተቆጡም። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ከድጃ ከጓዳ አልወጣችም፤ ስንሄድም አላየኋትም። ጥር ላይ ተዳረች።

በቀጣዩ ዓመት ጥያቄ መጠየቅ ተውሁ። ክፍል እገባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ አስነብባለሁ፣ እወጣለሁ። መጽሐፉን ከሁሉም ቀድሜ ጨረስሁ። ልጆቹ አለፉ። ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ መነሣት ያቅተኝ ጀምሮ ነበር። ዕድሜዬ ገና ሠላሳ አልሞላም፤ እንደዚያ ዓመት ግን ደክሞኝ አያውቅም።

አንድ ቀን ጋሽ ይመር ሳይነግሩኝ ክፍሌ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ደወሉ ሲደወልና ልጆቹ ሲወጡ እሳቸው አልተነሡም።

«ዘውዴ» አሉኝ። «አምና አንዳች ሳትፈሪ አስተማርሽ። ዘንድሮ ደግሞ ፈርተሽ ብቻ ታስተምሪያለሽ።»

አለቀስሁ። አብሽሪ፣ አሉኝ፤ እዚያ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የከፋውን ሰው የሚያጽናናበት ቃል ነው። ከዚያ የሳይንሱን መጽሐፍ ተቀብለውኝ በእርሳስ ምልክት ያደርጉ ጀመር። ከመላው መጽሐፍ አራት ቦታ ብቻ ነው ምልክት ያደረጉት። በዓመት የምትቆፍሪው እነዚህን ነው አሉኝ። እነዚህ ከገቧቸው ሌላው የተያያዘ ነው፣ በፍጥነት ታልፊዋለሽ። ሁሉን ከቆፈርሽ ዘመን አይበቃሽም፤ ምንም ካልቆፈርሽ ደግሞ ልጁ ባዶውን ይወጣል።

እርስዎ ግን ሁልጊዜ ሲጠይቁ ነው የማይዎት፣ አልኋቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ነው የምትገቢው አሉኝ። ለካስ ዓርብ ዓርብ ክፍላቸውን የሚያስነብቡበት ቀን ነበር፤ ትርጉም፣ ቀመር፣ የእንግሊዝኛ ቃል፣ እስኪያልበው። እኔ የሳቸውን ጥያቄና ዝምታ ወስጄ ዓርባቸውን ሳላይ ነበር የቀዳኋቸው። የቃል ትምህርትን አትናቂው፣ አሉኝ። እኔ ቁርአኑን መጀመሪያ በቃሌ ያዝሁት፣ ትርጉሙ የመጣው ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው፤ በቃሌ ባልይዘው ኖሮ ትርጉሙ ሲመጣ የሚያርፍበት አያገኝም ነበር።

ከዚያ ጀምሮ ሁለት ዓይነት ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። በአንዱ የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ። እንጠይቃለን፣ እንጥዳለን፣ እንመዝናለን፣ እንከራከራለን። በሌላው ሰዓቴን ጠረጴዛው ላይ አደርገዋለሁ፤ ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ። ጥያቄ አውጪው የት ቆሞ እንደሚጠይቅ ገምቱ እላቸዋለሁ። እናንተ የምታውቁት ሌላ ቢሆንም እሱ የሚፈልገውን መልሳችሁ እለፉ፤ የምታውቁትን ለኔ ክፍል አቆዩልኝ። ይህን ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ እደግመው ነበር። ልጆቹ ለምን እንደሆነ አያውቁም።

አንዳንዱ ዓመት ተሳካልኝ፣ አንዳንዱ አልተሳካም። በድርቁ ዓመት ክፍሉ ተራቆተ፤ ስም ስጠራ አቤት የሚለኝ ጠፋ። ከፊሉ ለሰፈራ ተወስዷል፣ ከፊሉ ለውትድርና፣ ከፊሉን የት እንደገባ የሚነግረኝ አላገኘሁም። የተረፉት ዓይናቸው ደክሞ ሲያዩኝ ለምን እንደዚያ መሰለህ ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ይመር ጡረታ ወጥተው ዘመዶቻቸው ዘንድ ማሻ ሄዱ። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ከዚያ ሌላ ሰው ጻፈልኝ፣ ሞታቸውን።

ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ይሆናል፣ በመስከረም የአንደኛ ክፍል ምዝገባ ተራ ደረሰኝ። ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ አውጥቼ እመዘግባለሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር። አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ልጇን በእጇ ይዛ ፊቴ ቆመች። ቀና ሳልል የልጅ ስም ብዬ ጠየቅሁ።  ቀና ስል ከድጃ ናት።

ባሏ ከተማ ውስጥ ሱቅ ስለከፈተ መካነ ሰላም ከገቡ ጥቂት ወራቸው ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳለች፤ ይቺ የመጀመሪያዋ ናት። ተነሥቼ ልስማት ስል ቀደመችኝ። እሷ ጎንበስ ብላ ሳመችኝ። ስለ አባቷ ጠየቅኋት፤ በሕይወት አሉ፣ ደክመዋል፣ አለች። ይቅር በይኝ ለማለት አሥር ዓመት ያህል ያዘጋጀሁት ቃል ነበረኝ። ከኋላዋ ሰዎች ተሰልፈዋል፣ ልጅቱ ታየኛለች። ቃሉን ትቼ መዝገቡን ገለጥሁ።

ከድጃ ልጇን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረገቻት።

«ሰባተኛና ስምንተኛን ዛሬም እርስዎ ነዎት የሚያስተምሩ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንደ ጥንቱ ይጠይቃሉ?»

«እጠይቃለሁ።»

ቀጥ ብላ አየችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ምሕረትም አልነበረም። አንዲት እናት ልጇን ለሰው ከመስጠቷ በፊት ማወቅ የሚገባትን ነው የጠየቀችኝ።

«መጽሐፉንስ ይጨርሱታል?»

«እጨርሰዋለሁ» አልኋት።

«እንግዲያው ይጻፏት» አለች።

እስክሪብቶውን አነሣሁ። ስሟን ከልጅቱ ከራሷ ጠይቄ ጻፍሁ።